ናሙና ቁጥር አሥራ ሰባት

ቤኔዲታ ጋስፓርን መጀመሪያ ያየችው ኮይምብራ ባቡር ጣቢያ ነው። ዕቃ አመላላሾቹ ሥራ አቁመው ስለነበር የናሙናውን ሳጥን ከፖርቶ ይዞ የመጣው ራሱ ነበር። ከባቡሩ ሲወርድ ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ አቅፎታል።

ሁለቱ ቤተ ሙከራዎች የመርሳት በሽታ ከህዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚጀምር አብረው ያጠናሉ። ጋስፓር ፖርቶ ውስጥ ሐኪም ነው፤ ከታካሚዎችና ከጤነኞች ክንድ ቅንጣት ቆዳ ይወስዳል። ቤኔዲታ ደግሞ ያንን ወደ ነርቭ ህዋስ ትቀይረዋለች። ህዋሱ ሲቀየር ዕድሜውን አይጥልም፤ የሽማግሌው ሽማግሌ፣ የጎረምሳው ጎረምሳ እንደሆነ ይቀራል።

«ጤነኛ ወጣት ፈቃደኛ ስናጣ የራሴን ቆረጥኩ» አላት ቤተ ሙከራው ሲደርሱ። «አሥራ ሰባት ቁጥር እኔ ነኝ። አሥራ ስምንት አክስቴ ኦፌሊያ ናቸው፤ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው። አደራ፣ እኔን በደንብ መግቢኝ።»

«እሳቸውንስ?»

«እሳቸው ከተራቡ ራሳቸው ይደውሉልሻል።»

የአክስቱ ናሙና ተራው እስኪደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባ። አሥራ ሰባትን ግን ቤኔዲታ እሑድ ሳይቀር እየመጣች መገበችው።

በስድስተኛው ሳምንት በማይክሮስኮፕ ስታየው ደነገጠች። ህዋሱ ኃይል የሚያመነጭበት ክፍል ደክሟል፤ ማስወገድ የነበረበት ቆሻሻ ውስጡ ተከምሯል። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ያው ነው። ሰውየው ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ህዋሱ ግን ጡረታ ከወጣ ቆይቷል።

ውጤቱ በሌላ ምርመራ ሳይረጋገጥ ለሰውየው መንገር ክልክል ነው። ስለዚህ ዝም አለች፤ ዝም ብላ ትንከባከበው ጀመር።

«ትናንት ምን በላህ?» ትለዋለች በስልክ።

«ሰርዲን።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

ጋስፓር ግራ ቢገባውም ደስ ይለዋል፤ ያልበላውንም ጨምሮ ይዘረዝርላታል። አመላላሾቹ ወደ ሥራ ቢመለሱም እሱ በየሁለት ሳምንቱ ሳጥን ይዞ ሲመጣ «ስጠኝ፣ አትልፋ» ብላ ትቀበለዋለች። ደረጃው ላይ ክንዱን ትይዘዋለች። እሱም ደረጃው ቶሎ እንዳያልቅበት እርምጃውን ያዘገያል። እሷ መዘግየቱን ስታይ መታጠቢያ ቤት ገብታ ታለቅሳለች።

አክስት ኦፌሊያ ነገሩን ሲሰሙ ሹራባቸውን እንኳ አላስቀመጡም።

«ሴት ልጅ የበላኸውን ቆጥራ ከያዘች ነገሩ አልቋል» አሉት። «ምን ትጠብቃለህ? እኔ እስክሞት?»

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጋስፓር አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ የሚናገረውን ባቡር ውስጥ ሲያጠና መጣ። ቤኔዲታ በሩ ላይ ጠበቀችው። ሁለቱም እኩል «የምነግርህ…»፣ «የምነግርሽ…» አሉ።

«አንቺ ቅደሚ» አላት።

«የክሮሞዞም ምርመራው መጣ። አሥራ ሰባት ቁጥር ሴት ናት።»

ጋስፓር ትንሽ አሰበ። «እኔ?»

«አንተ አይደለህማ! አክስትህ ናቸው። ቁጥሮቹ ተቀያይረዋል። አንተ ጤነኛ ነህ፤ እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ ያለ ዕድሜህ አርጅተህ ልታልቅብኝ ነው ብዬ…» ሳቋና እንባዋ ተደባለቀ።

እሱ አልሳቀም።

«ደረጃው ላይ ክንዴን የያዝሽው?»

«እንዳትወድቅ።»

«የምበላውን የጠየቅሽኝ?»

«እየረሳህ እንደሆነ ላውቅ።»

ጋስፓር የሸሚዙን አንገት ፈታ አደረገ። «ጥሩ ነው። ጤነኛ ከሆንኩ ደረጃውን ብቻዬን እወርዳለሁ።» ወረደም፤ በፍጥነት።

ከዚያ በኋላ ሳጥኖቹ በአመላላሽ መጡ። ስትጽፍለት «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል መልስ ይመጣላታል። ቤኔዲታ ህዋሶቹን መመገቡን አልተወችም፤ ራሷን ግን ረሳች፤ ነጭ ጋወኑ ሰፋት።

ይባስ ብሎ የፖርቶው ኃላፊ ፕሮፌሰር ቴሌስ ቆፍጣና ሰው ናቸው። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ሠላሳውም ናሙና ይጣላል አሉ፤ የሁለት ዓመት ሥራ ማለት ነው። ቤኔዲታ ደብተሯን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አገላበጠች። በስድስት ዓመት ሥራዋ አንድ ስህተት ተገኘባት፤ ጋስፓር መጀመሪያ የመጣ ዕለት የአሥራ ሰባትንና የአሥራ ስምንትን ቁጥር አቀያይራ ጽፋለች፤ የእጅ ጽሑፉም የራሷ ነበር።

ስብሰባው ፖርቶ ላይ ተደረገ፤ ሰባት ሰዎች ጠበቋት፤ ጋስፓር በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። ፕሮፌሰሩ ሪፖርቷን አነበቡ።

«‹የሠራተኛዋ ሐሳብ ሥራው ላይ አልነበረም።› ይሄ ምክንያት አይሆንም፣ ዶክተር ቤኔዲታ። ሐሳብዎ የት ነበር?»

ቤኔዲታ ጠረጴዛውን አየች። «ፊት ለፊቴ ቆሞ ስለ አክስቱ የሚያወራ ሰው ላይ።»

ስድስት ራስ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጋስፓር ጆሮው ቀላ።

«ያን ቀን ማይክሮስኮፑን ገና አልከፈትኩም» ቀጠለች በዝግታ። «ታሟል የሚል ሐሳብ አልነበረኝም። ጤነኛ ሰው መስሎኝ ነው ያየሁት።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ ሁኔታ በሌሎቹ ናሙናዎች ላይ ተደግሟል?»

«የሌሎቹን ቁጥር የጻፍኩት እሱ በሌለበት ነው።»

«እንግዲያው ሌሎቹ ደህና ናቸው» አሉና ጻፉ።

ጋስፓር ብድግ አለ። «ፕሮፌሰር፣ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ቢፈቅዱልን።»

«አሥር ውሰዱ።»

ኮሪደሩ ላይ ሁለቱም ግድግዳውን ተደገፉ።

«ከመጀመሪያው ቀን ነው እንዴ?» አላት።

«እንደዚያ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔስ መች አወቅኩ? ደብተሩን ሳገላብጥ ነው የደረስኩበት።»

ጋስፓር ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ቀስ ብሎ እጇን ያዘ። «አሁን ደህና ነኝ። እንክብካቤው ሊቀርብኝ ነው?»

«ማዘኑ ይቀራል» አለችው። «ሌላው ይቀጥላል።»

ወደ አዳራሹ ሲመለሱ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። ሠላሳው ናሙና እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል፤ በጠረጴዛው ላይ በፕሮፌሰሩ ጽሑፍ አንዲት ወረቀት ተቀምጣለች፦ «አሥር ደቂቃው አልፏል። ቁልፉን ለጥበቃው ስጡ።»