ሳጥኑ ላይ ያለው ፍጥነት

ገብረሕይወት ሌክ ሲቲ ሰፈር ካለው የኮምፒውተር ሱቁ ጓዳ፣ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን በብረት ተመትቷል። መርማሪ ሐመልማል የደረሰችው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ በዕለቱ ያየችው ሁለተኛ አስከሬን ነበር። ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች፣ አየች፣ ቀና አለች።

ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ኮምፒውተር ይሠራል። ሁለት ራሞች፣ የኮምፒውተር ማስታወሻ ካርዶች፣ ተሰክተውበታል፤ አጠገቡ ያለው ባዶ ሳጥን ላይ የራሞቹ ፍጥነት በትልቁ «6000» ተብሎ ተጽፏል።

ከሱቁ የፊት ክፍል ሆኖ ዕቃ የሚሸጠው የሟቹ ሸሪክ እሴይ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ዕቃ ሊያደርስ ወደ ፌደራል ዌይ ከተማ እንደሄደና ደንበኛው ምስክሩ እንደሆነ ተናገረ።

«ስወጣ ደህና ነበር፣ እህቴ። ና እይ ብሎ ስክሪኑን አሳየኝ፤ ስድስት ሺህ ገብቷል፣ ደስ ብሎታል። ሱቁን ቆልፌ ነው የሄድኩት፤ ከዚያ ወዲህ በቁልፉ የገባ ኢብሮ ብቻ ነው።»

የሱቁ ጠጋኝ ሠራተኛ ኢብሮ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ገብቶ ሟቹን አቅፎ አንስቶ ነበር። ሸሚዙ በደም ተነክሯል። ትናንት በዕረፍት ቀን ጉዳይ ከአለቃው ጋር ተጨቃጭቋል። ሊወስዱት ሁለት ፖሊሶች በር ላይ ቆመዋል፤ ሚስቱ ሰሃርላ በተደጋጋሚ ብትደውልም ማንሳት አልተፈቀደለትም። ሐመልማል ግን ስለ ጸቡ አልጠየቀችውም። ሟቹ እንዴት ይሠራ እንደነበር ጠየቀችው።

«አዲስ ራም ሲሰካ በቀርፋፋው ፍጥነት ነው የሚነሳው» አላት። «ሳጥኑ ላይ ያለው ፍጥነት ሴቲንግ ገብተሽ ካልከፈትሽው አይመጣም። ጋሼ ደግሞ መጀመሪያ በቀርፋፋው አራት ሰዓት ሙሉ ቴስት ያደርገዋል። ትንሽ ይተንፍስ ይላል።»

«ፍጥነቱን ለመቀየርስ?»

«መጥፋት አለበት። ቴስቱም ከዜሮ ይጀምራል።»

ስክሪኑን አነበበች። የሟቹን ደብተርም ገለጠች። ከዚያ እሴይንና ኢብሮን ጓዳ አስገብታ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቴስቱ ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው የተጀመረው» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። «እስካሁን አልተቋረጠም። ፍጥነቱ አራት ሺህ ስምንት መቶ ነው። ሰባት ሰዓት ላይም ይኸው ነበር። አቶ እሴይ፣ ስድስት ሺህ የሚል ስክሪን ማንም አላሳየዎትም።»

እሴይ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ሳጥን አየ።

«ሟቹ የእያንዳንዱን ራም መለያ ቁጥር ይመዘግባል። የዛሬዎቹ ቁጥር ከሳጥኑ ጋር አይገጥምም፤ አምና ከአንድ አሮጌ ማሽን ካወጣቸው ጋር ነው የሚገጥመው። ሳጥኑን ያሸጉት እርስዎ ነዎት። ያገለገለ ዕቃ አዲስ ነው ብለው እንደሚሸጡ ሲደርስብዎት መቱት። ፌደራል ዌይ እስኪሄዱ ድረስ በሕይወት እንደነበር ማስመሰል ነበረብዎት። ግን አንድም ቀን እዚህ ተቀምጠው አብረውት አልሠሩም።»

እሴይ ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። «ሳጥኑ ላይ ስድስት ሺህ ይላል» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ። ሳጥኑ ላይ።»

በር ላይ የነበሩት ፖሊሶች ገብተው እሴይን ይዘው ወጡ። የኢብሮ ስልክ እንደገና ጠራ። ሐመልማል አንሳው ብላ በአገጯ ምልክት ሰጠችውና እጇን ወደ ኮምፒውተሩ ማጥፊያ ዘረጋች።

«ቴስቱ አንድ ሰዓት ይቀረዋል» አለ ኢብሮ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ሳያደርስ። «ጋሼ ሳይጨርስ አጥፍቶት አያውቅም።»

እጇን መለሰች። ያን አንድ ሰዓት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።