አራት ሴኮንድ ጭረት

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ከለንደን ወጣ ብሎ ባለው ስቱዲዮ፣ ፕሮዲውሰሩ ኦስዋልድ ፔንፎልድ በማሳያ ክፍሉ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በስተቀኙ ሻይ፣ በጭኑ ማስታወሻ ደብተር፣ በአፉ ከረሜላ። የትናንቱ ቀረጻ ከፊልም ማጠቢያ ቤት እንደታሸገ ገና መድረሱ ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መብራት ሲበራ ጭንቅላቱን በነሐስ መተርኮሻ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር ክሮስሊ ጎንበስ ብሎ አየው። ከረሜላው ገና ጉንጩ ውስጥ ነበር። በሃያ ስምንት ዓመት ሃያ ሁለት ፊልም የሠራው ሰው በደብተሩ የወጣት ተዋናዮችን ስም ደርድሯል፤ ከየስሙ ጎን፣ ገበያ እንደወጣ ከብት፣ የጥርስና የዳሌ ግምገማ። የመጨረሻው ገጽ «ትዕይንት 12 ተበላሽቷል» ይላል፤ ሌላ የለም።

ሻዩን ያስገባችው ኤዲተሯ ዊኒፍሬድ ታርን ነበረች። የሰፈሩ ፖሊስ ካቴናውን አውጥቷል፤ ለእሷ ከካቴናው ቀጥሎ የሚመጣው የስቅላት ገመድ ነው።

«እጁን ከቀሚሴ ላይ አንስቼ ፊልሙ ሳይጀመር ወጣሁ» አለች። «ልገድለው ባስብ ስኳሩን አላማስልለትም ነበር!»

ካሜራማኑ ሃምፍሪ ቦልተር «እኔ ጠዋቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ደመና እስኪያልፍ ስጠብቅ ነበር» አለ።

ዳይሬክተሩ ማሎው ሰዓቱን አየ። «ጌታው፣ ሬሳውን ቶሎ ብታነሡልን? ፀሐይዋ እያመለጠችን ነው።»

ክሮስሊ የፊልም ማሳያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ኔድን ጠየቀው። «ያየኸውን ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። በማሽን ክፍሌ ግድግዳ ቀዳዳ የሚታየኝ ሸራው ብቻ ነው። ከማሽኑ ዞር ብል ፊልሙ ይቃጠላል። ሲያልቅ ፊልሙን ቆለፍኩበት፣ ሰውየውን አየሁ፣ ፖሊስ ጠራሁ።»

ክሮስሊ አራቱንም እዚያው ሰብስቦ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ አነበበላቸው።

«ምን ሆኖ ተበላሸ?» አለች ዊኒፍሬድ።

«ተዋናይዋ ቃሏን ስታ ይሆናል፤ መቼስ በትክክል ብላው ታውቃለች!» አለ ማሎው።

ቦልተር ከወንበሩ ተነሣ። «የኔ ካሜራ ፊልም አይጭርም! ጭረቱ የማጠቢያ ቤቱ ጥፋት ነው!»

ክሮስሊ ደብተሩን ዘጋ።

«ሚስተር ቦልተር» አለ ክሮስሊ፣ «ፊልሙ ታሽጎ መጣ። እሽጉን ኔድ ፈታው። አንድ ጊዜ ብቻ ታየ፤ ከዚያ ተቆለፈ። ደብተሩ ጭረት አይልም፤ እኔም አላልኩም። ኔድ ከማሽኑ ሊርቅ አይችልም። ከእሱ ሌላ ጭረቱን የሚያውቅ፣ በጨለማው ከፔንፎልድ ጋር የነበረ ሰው ነው።»

ቦልተር ተመልሶ ተቀመጠ። «ከእንግዲህ በዚህ አገር ካሜራ አትነካም አለኝ። ከረሜላውን እያኘከ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼለት...»

ፖሊሱ ካቴናውን ወደ ቦልተር አዞረ።

«ታዲያ ከሰዓት ማን ይቀርጽልናል?» አለ ማሎው።

ክሮስሊ አየር ሊቀበል ወጣ።

ፊልሙ በመጋቢት ወጣ። የፔንፎልድ ስም ሸራው ላይ ስምንት ሴኮንድ ቆየ፤ የቦልተር ስም አልነበረም። ዊኒፍሬድ ጭረቱን ቆርጣ አውጥታዋለች፤ ርዝመቱ አራት ሴኮንድ ነበር።