የተሳለው ሰንጢ

ሙዚየሙ ውስጥ የሚሠሩት ሁሉ «ቶሎ ቶሎ» ይሏታል። ፊት ለፊት አይጠሯትም እንጂ እሷም ታውቃለች። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ትወጣለች፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መልስ ትሰጣለች። እናቷማ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ከሰለቻት ቆይቷል።

እንዲህ ያለችውን ሰው ነው እንግዲህ ሰንጢ ሰብስቢ ያሏት። የፋብሪካ ዕቃ ገበያውን ሳይሞላው በፊት አንጥረኞች በእጃቸው የሠሯቸውን፣ ታጥፈው ኪስ የሚገቡትን፣ ከነታሪካቸው፦ ማን ሠራው፣ ማን ያዘው፣ ምን ቆረጠበት። በአንድ ዓመት ቤት ለቤት ዞራ አርባ ስድስት ሰበሰበች። የቀንድ እጀታ ያለው አለ፣ የእንጨት አለ፣ እጀታው ተሰብሮ በሽቦ የተጠመጠመም አለ። ችግሩ ግማሾቹ አይታጠፉም። ማጠፊያቸው ዝጓል፣ ወይም ምስማራቸው ላልቷል።

ከገበያው ጀርባ ወደሚሠራው ወጣት ቢላ ሞራጅ የሄደችው ለዚሁ ነበር። ሰባት ሰንጢ ፊቱ ዘርግታ ለነገ ያደርስላት እንደሆነ ጠየቀችው። ልጁ ሰባቱንም በዓይኑ ቃኘ። አንዱን አነሳና ሳይከፍተው መዳፉ ላይ አገላበጠው፤ ባለቤቱ ግራኝ እንደነበሩ ነገራት። እጀታው የተበላው በየትኛው በኩል እንደሆነ አሳያት። ሁለተኛውን አነሳ።

«በዚህ ደግሞ ምንም አልተቆረጠበትም። ጥርስ ሲጎረጎርበት የኖረ ነው።»

«ባለቤቱ እኮ ዳኛ ነበሩ» አለች፣ መዝገቧን እያየች።

«ዳኛስ ጥርስ የለውም?»

ሳቋ አመለጣት። ከዚያን ቀን በኋላ አሥሩን ባንድ ጊዜ መውሰድ ስትችል አንድ አንድ ትወስድ ጀመር። ከተሽከርካሪ መሞረጃ ድንጋዩ ጎን ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ እሱ የዛገ ምስማር ሲያወጣ ታያለች፤ ቀና ሲል መዝገቧን የምታነብ ትመስላለች። እሱም ይህን ያውቃል፤ ቀና ከማለቱ በፊት ትንሽ ሳል ያሰማ ነበር፣ እንድትዘጋጅ። ሙዚየም ውስጥ «ቶሎ ቶሎ ቀስ ማለት ለመደች» እየተባለ ተሳቀባት።

አርባ ሰባተኛው ሰንጢ የመጣው ከአንዲት ባል ከሞተባቸው አሮጊት ነው። ስልሳ ዓመት ከመሳል ብዛት ስለቱ እንደ ቅጠል ሳስቷል። ከሁሉ በላይ ልቧን የወሰደው ግን ብረቱ ላይ የቀሩት ጭረቶች ነበሩ። ሟቹ ለመጨረሻ ጊዜ ደጃፋቸው ላይ ባለ ድንጋይ ሲስሉት የተዉአቸው፣ እንደ እጅ ጽሑፍ ናቸው። ምስማሩን ብቻ እንዲያጠብቅ፣ ስለቱን እንዳይነካ ለሞራጁ አስጠነቀቀችው። ቃል ገባላት።

በአራተኛው ቀን ስትሄድ ሰንጢው ያበራል። ጭረት የሚባል የለም።

«ለካ አንተ የምታውቀው ድንጋይ ማሽከርከር ብቻ ነው» አለችው፣ ደንበኞቹ ፊት። አልበቃትም። «ታሪክ ምን እንደሆነ ላንተ ሳስረዳ መክረሜ የኔ ጥፋት ነው።»

እጁን በሽርጡ ጠረገና ይቅርታ ጠየቃት። በማግስቱ እሱ ዘንድ አንድ አንድ እያሉ የተጠራቀሙት አምስት ሰንጢዎች በወረቀት ተጠቅልለው በሙዚየሙ ዘበኛ በኩል ተመለሱ፤ ሌላ ሠራተኛ ይፈልጉ የሚል መልእክት አብሯቸው መጣ።

ለአሮጊቷ ጥፋቱን መንገር የእሷ ሥራ ነበርና ሄደች። በሩ ላይ እንደቆመች አንድም ሳታስቀር ተናገረች። አሮጊቷ እስክትጨርስ ጠበቋት።

«እኔ ነኝ ያሳልኩት፣ ልጄ» አሉ። «የጓዳ ቢላዬን ከሞራጁ ልወስድ ሄጄ እዚያ ተጋድሞ አየሁት። ሰውዬው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በብዙ ነገር ደነዝ ነበር። በሰንጢው ግን አይታማም። መስታወት ውስጥ ዶልዱሞ ሲያዩት ሰነፍ ነበር ይበሉት?»

ልጁ ቃል ገብቻለሁ ብሎ ሁለት ጊዜ እምቢ እንዳላቸው፣ በሦስተኛው እንዳለቀሱበት አጫወቷት። ሙዚየሙ አንፈልገውም ብሎ እንዳይመልሰው ፈርተው፣ ለማንም እንዳይናገርም አስምለውታል።

«ምነው፣ ተቆጣሽው እንዴ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያን ሁሉ ታሪክ የሰበሰበችው የሰው እጅ የተወውን ምልክት ላለማጥፋት ነበር፤ የእሱን እጅ ግን ሰው ፊት ድንጋይ ማሽከርከሪያ አድርጋዋለች። አሁን እሱ እሷን አይደለም የሚያጣው፤ እሷ ናት እሱን የምታጣው።

ቅዳሜ ጠዋት ሄደች። ከፊቷ ሰባት ሰው ተሰልፏል። አንዲት ሴትዮ አወቀቻትና ቅደሚ አለቻት፤ ተራዬን እጠብቃለሁ አለች። ቆመች። ሰዓቷን አላየችም። ሞራጁ አይቷታል፤ የአንዷን ቢላ ሁለት ጊዜ ሳለው።

ተራዋ ደረሰ።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«ምላሴን። እሱም መሳል አያስፈልገውም።» አልሳቀም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሴትየዋ ነገሩኝ። ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር?»

«አልነግርሽም። አስምለውኛል።» ድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ አደረገ። «ላንቺም ቃል ነበረኝ። ከሁለት አንዱን ማፍረስ ነበረብኝ፤ የምታለቅሰዋን መረጥኩ። አንቺ አታለቅሺም ብዬ።»

«አለቀስኩ» አለች፣ ሰዓት የተጠየቀች ያህል በደረቁ።

ከኋላዋ የቆሙ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እባክሽ ልጄ፣ ታረቂውና ቢላችን ይሳል።»

ሰልፉ ሳቀ። እሱ ግን ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። ሰንጢውን ከስብስቡ አውጥታው እንደሆነ ጠየቃት። እንዳላወጣችው፣ መዝገቡ ላይ እውነቱን እንደጻፈች ነገረችው፦ ባለቤቱ ከሞቱ በኋላ ሚስታቸው አስለውታል። ማን እንደሳለውም ተጽፏል።

«ማን ብለሽ?»

በሕይወቷ እንዲህ የዘገየ መልስ ሰጥታ አታውቅም።

«ቢላ ሞራጅ። የመዝጋቢዋ እጮኛ።»

የድንጋዩ ሽክርክሪት እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

«መዝገብ ላይ ውሸት ይጻፋል?»

«በእርሳስ ነው የጻፍኩት። እምቢ ካልክ አጠፋዋለሁ።»

ሞራጁ ሰልፉን አየ፣ እሷን አየ። እርጥብ እጁን በሽርጡ በደንብ አደረቀና ዘረጋላት።

«እስክሪብቶ ይዘሻል?»