የዱማይ ድብቅ ቧንቧ

ቲዩርማ ትንሿን ጠርሙስ ከተጠበሰው ሙዝ ሥር ሸሽጋ ሳህኑን ወደ ዳርዊስ ገፋችው።

«ጉጉት፣» አላት በምስጢር ስሟ፣ «የተከተለሽ አለ?»

«ዝንብ እንኳ የለም።»

በዱማይ ወደብ ካለው የዘንባባ ዘይት ማጣሪያ ውስጥ በናሙና ቀጂነት ለስለላ ያስገባት ይህ የፖሊስ መኮንን ነው። ማጣሪያው ለብስኩትና ለሳሙና ሠሪዎች «ንጹሕ» እያለ የሚሸጠው ዘይት፣ ጫካ ተቃጥሎ ከተተከለ እርሻ የመጣ ነው። እሳቱን ያስለኮሰው ሥራ አስኪያጁ ሃርቶኖ ነው። ወንድሟ ፓርሊን እዚያው እሳት ውስጥ ቀርቷል።

ዳርዊስ ጠርሙሱን ኪሱ ከተተ። ፀጉሩን ዳበሰ።

ምልክት ነበር።

ከዓሣ ተራ ሁለት የሃርቶኖ ጠባቂዎች ብቅ አሉ።

«ሸጥከኝ?»

«ልጆች አሉኝ እኮ፣ እህቴ።»

«እናቴም ልጅ ነበራት።»

የሙዝ ጠባሿን መጥበሻ ከነፈላው ዘይት ገለበጠችባቸው። የራሷም እጅ ተላጠ። ጩኸቱን ትታ ከአንድ ሞተረኛ ኋላ ዘላ ተቀመጠች።

«ወደ ወደቡ! ንዳው!»

ዳርዊስን ከተጠራጠረችው ሰንብታለች። የሰጠችው ጠርሙስ ከገበያ የተገዛ የምግብ ዘይት ነበር። እውነተኛውን ናሙናና የተቃጠለው ጫካ ዘይት በስውር ወደ መርከብ የሚተላለፍበትን ድብቅ ቧንቧ ቦታ ለዐቃቤ ሕጓ ለኑርሊላ አስቀድማ አድርሳለች። ዛሬ የመጣችው ዘይቱን የሚወስደው መርከብ መጫን እስኪጀምር እነ ሃርቶኖን ለማዘናጋት ነበር።

ስትደርስ ቧንቧው በኑርሊላ ሰዎች ተቆፍሮ ወጥቷል። ሃርቶኖ በካቴና ታስሮ ቆሟል።

«ማን ነው የላከሽ?»

«ፓርሊን።»

«ፓርሊን ደግሞ ማን ነው?»

ስሙን እንኳ አያውቀውም።

ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «እስር ቤት ጊዜ አለህ። ታጠናዋለህ።»

ኑርሊላ የቲዩርማን የተላጠ እጅ በጨርቅ እየጠቀለለች፣ «ለሃርቶኖ የሠራሽው ለስለላ እንደሆነ እናትሽ ከሰማች በደስታ ለሰፈሩ ሁሉ ታወራለች» አለቻት። «የሃርቶኖ ወንድሞች ገና አልተያዙም። ቤቱን በላይዋ ላይ ነው የሚያቃጥሉት። አንቺም ስምሽን ቀይረሽ ከከተማው ውጪ።»

ቲዩርማ ከጀልባ መሳፈሪያው ለእናቷ ደወለች። ድምፅዋን ብቻ ልትሰማ።

«ማን ነው?» አለች እናቷ። ዝም ሲባል ገባት። «የልጄን ገዳዮች ሩዝ የምትበይው ነሽ? እኔ ሴት ልጅ የለኝም!»

ስልኩ ተዘጋ።

ሲም ካርዱን አውጥታ ባሕሩ ውስጥ ጣለችው።

«ስም?» አለ ቲኬት ቆራጩ ቀና ሳይል።

«ሮስማ።»

«ቀጣይ!»

ዕቃቸውን ከታቀፉት ሴቶች መሃል ገብታ ተቀመጠች።