ክንዱ ምን አለ?

«እሺ ሰብለ፣ ያንቺ ቃል ‹ኢምፐርሰኔት› ነው። ትርጉሙንና አንድ ምሳሌ ስጪን» አሉ መምህር ወርቅነህ።

የእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ እስከዚያ ድረስ ሳቅ በሳቅ ነበር። መምህሩ የማታለልና የማስመሰል ቃላትን ሰሌዳው ላይ ጽፈው፣ እያንዳንዱን ከንፋስ መውጫ ኑሮ በምሳሌ አስረዱኝ ብለዋል። እንድርያስ ‹ፌክ› ሲደርሰው ጫማውን አውልቆ አሳየ። «ቲቸር፣ ኦሪጅናል ነው ብለው ሸወዱኝ፤ አንድ ዝናብ አልቻለም!» ‹ፎርጅ› የደረሰው ልጅ ስለ ሐሰተኛ መታወቂያ አወራ። ‹ኢሚቴሽን› የደረሳት ደግሞ የራሷን ጉትቻ አሳየች፣ ያውም ሳታፍር።

ሰብለ ተነሳች። «ሌላ ሰው መስሎ መቅረብ ማለት ነው።»

«ጎበዝ! ምሳሌስ?»

ምሳሌ ነበራት። ዝም ያለችውም ለዚያ ነው። መምህሩ ጠብቀው ጠብቀው «አስቢበት» ብለው አለፏት።

ወንድሟ ክንዱ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ በጅቡቲ በኩል የወጣው የገብሱ አጨዳ እንዳለቀ ነው። የመጨረሻ መልእክቱ አጭር ነበር፤ «ባሕሩ ዳር ነን። ዛሬ እንሻገራለን። ለእማ ንገሪያት» ይላል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሰብለ የላከችለት ሁሉ ሳይከፈት ቀረ። እናቷ ውባለም ማንበብ ስለማትችል፣ በየቀኑ የቤቱን አንድ ሞባይል ይዛ ትመጣና «ክንዱ ምን አለ?» ትላታለች። እህል መቅመስ ትታ ነበር፤ ቤቱም ለቅሶ ቤት መሰለ። አንድ ቀን ሰብለ አላስቻላትም። ባዶውን ስክሪን እያየች «ደርሻለሁ፤ ሥራም አግኝቻለሁ ይላል» ብላ አነበበችላት። ያን ቀን እናቷ በላች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሰብለ ግን እያደር ከበዳት። «ድምፁን አሰሚኝ» ስትባል በኔትወርክ አሳበበች። «ምን ይበላል?» ስትባል ሩዝ አለች። መልእክቱን ስታነብም ልክ እንደ ክንዱ እናቷን «ውቤ» እያለች መቀለድ ጀመረች። ክፋቱ ደግሞ ተሳክቶላታል።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ፊቷ በርቶ ጠበቀቻት። መደቡ ላይ አዲስ ጥላ ተቀምጧል፤ ታቦት ሲወጣ ካህናት የሚይዙት፣ ዘርፉ የሚያብረቀርቅ ዓይነት።

«ነገ ስለቴን ለማርያም አስገባለሁ» አለች። «ልጄን አሻግሪልኝ ብያት ነበር፤ አሻገረችልኝ።»

«አትቸኩዪ እማ...»

«ምን እቸኩላለሁ? ዘገየሁ እንጂ! ለንስሐ አባታችንም ነግሬያቸዋለሁ፤ ለክንዱ የያዙት ጸሎት ከእንግዲህ ይበቃል። እኔም ስለ እሱ የያዝኩትን ስግደት ትቻለሁ። መንገድ ላይ ላሉት ለሌሎች ልጆች ትድረስላቸው እንጂ፣ እኔ ብቻ ላስቸግራት?»

ሰብለ ጥላውን አየች። ክንዱ የት እንዳለ አታውቅም። ባሕሩ ላይ ይሁን፣ እስር ቤት ይሁን፣ ወይም... ሐሳቡን አልጨረሰችውም። የትም ይሁን የት፣ በዚህ ዓለም ስለ እሱ ሌት ተቀን የምትለምን አንዲት ሴት ነበረች። እሷንም ሰብለ ዝም አሰኘችበት።

«ነይ እስኪ፣ ዛሬስ ክንዱ ምን አለ?» እናቷ አንድ እጇን ጥላው ላይ እንዳሳረፈች ስልኩን ዘረጋችላት።

«ስግደቱን እንዳትተይ ብሏል» ብትላት ይበቃ ነበር። እናቷ ታምናታለች፤ ጸሎቱም ይቀጥላል፤ ማንም ምንም አያውቅም። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ምንም አላለም» አለች።

«ኔትወርክ ነው?»

«አይደለም። ባሕሩ ዳር ነን ካለ ወዲህ ምንም ብሎ አያውቅም። እማ፣ ስግደቱን አትተይ።»

ውባለም ፈገግ አለች። ቀልድ መስሏት የልጇን ፊት አየች፤ ቀልድ የለበትም። እጇ ከጥላው ላይ ወረደ።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲያወራኝ የነበረው ማነው?»

ሰብለ ስልኩን መደቡ ላይ አስቀምጣ ከእናቷ ፊት ቁጭ አለች።

«እኔ ነኝ» አለች።