ሦስተኛዋ ብርሌ

እኔ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ ጸበል እጠጣለሁ፣ ግን ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ማውራት ሲጀምር ተነስቼ ነው የምሄደው፣ ልጅ ሆኜ አገሬ ብልባላ እያለሁም በጨለማ ከጅብ በቀር የፈራሁት ነገር አልነበረም። ይህን የምነግራችሁም አምኜበት አይደለም፣ ስለደረሰብኝ ነው።

ላሊበላ የመጣ እንግዳ ቀን ቀን ዐለቱን ሲያይ ይውላል፣ ማታ አልጋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል፣ እመኑኝ ግማሹ ከተማ ያመልጠዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገበያ መውጣት ነው፣ ያን ሰዓት ሻጩም ደክሞት ክርክር ይቀንሳል፣ ነጠላ ስትገዙ ጥለቱን ገልብጣችሁ እዩት፣ በጀርባው ክሩ ከተንጠለጠለ ተዉት፣ ከዚያ ዳገቱን ወጥታችሁ ጠጅ ቤት መግባትና ማሲንቆ መስማት ነው። ይህን የማውቀው እትዬ ዝናሽ የሚባሉ ሴት ዘንድ፣ መስቀልና ሙዳይ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ስለምሠራ ነው። እንግዳ ማዞር ግን የወንዶች ሥራ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ፣ ሰው ፊት ስናገር የነጠላዬን ጫፍ የምነክስ ዓይን አፋር ነኝ።

አንድ ቀን ሰላም የምትባል ከሐዋሳ የመጣች መምህርት ሱቃችን ገብታ፣ "ማታ የምታዞረኝ ሴት ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር" አለች። እትዬ ዝናሽ ወደ እኔ ዞሩ፣ "ይቺን በደህና አዙረሽ ከመለስሽ የማታው ሥራ ከእንግዲህ ያንቺ ነው" አሉኝ። ክፋቱ፣ ያን ዕለት ታላቅ ወንድሜ ካሳው ሊወስደኝ ከብልባላ መጥቶ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጧል። እናታችን ከሞተች ወዲህ ቤቷ ዝግ ነው፣ ካሳው ተመልሼ እንድከፍተው፣ እዚያው እንዳገባም ይፈልጋል።

"ሴት ልጅ በማታ ጠጅ ቤት?" አለ። "አባባ ቢኖር ምን ይል ነበር?"

"አባባማ ራሱ ከጠጅ ቤት መች ይወጣ ነበር" አልኩት፣ ቀስ ብዬ።

እትዬ ዝናሽ ሳቁ፣ እሱ አልሳቀም። "እሺ ሂጂ። አንዲት ነገር ከሆነች ግን ነገ በጠዋት ከእኔ ጋር ትሳፈሪያለሽ።"

"ካልሆነችስ?"

"ካልሆነች ብቻዬን እሄዳለሁ።"

መጀመሪያ የገባነው ነጠላ ሱቅ ነው። ሻጩ ለሰላም አንዱን አልብሶ ካየላት በኋላ፣ ጥለቱ ጥቁር የሆነ ሌላ አወጣና ከእኔ ጎን ወዳለው ባዶ ቦታ ዘረጋው፣ "ለእናትየውስ?" አለ። ዞር ብል ማንም የለም። "የትኛዋ እናት?" ስለው ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና "መብራቱ ነው" ብሎ አጠፈው። እኔም መብራቱ ነው አልኩ። ዳገቱን ስንወጣ ከኋላችን ጫማ ድንጋይ ላይ ሲጎተት ይሰማኛል፣ አንዱ እግር ብቻ፣ ስንቆም ይቆማል፣ ስንሄድ ይሄዳል። የገደል ማሚቶ ነው አልኩ። እናቴ ግራ እግሯን እየጎተተች ትራመድ እንደነበር ያን ሰዓት ማስታወስ አልፈለግኩም።

ጠጅ ቤቱ በር ላይ የቆሙ አስጎብኚዎች ሲያዩን አንዱ፣ "ጉድ እኮ ነው፣ ዘንድሮ አስጎብኚ ቀሚስ ለበሰ" አለ፣ ሌሎቹ ተንከተከቱ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ፣ ግን አለፍኩ።

ገና ስንቀመጥ አስተናጋጇ ሦስት ብርሌ ጠጅ አመጣች። "ሁለት ነን" አልኳት። "አሮጊቷስ? አብረዋችሁ ገብተው የለ?" አለችና፣ ሦስተኛዋን ከጎኔ ካለው ባዶ በርጩማ ፊት አስቀምጣ ሄደች። ሰላም ከማሲንቆው ዓይኗን አልነቀለችም፣ ምንም አልሰማችም።

መቼም ታውቃላችሁ፣ ጠጅ ቤት የሚናገረው ያለው ሰው "ተቀበል" ይልና ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ያን ተቀብሎ ያዜማል። አዝማሪው ሲዞር ሲዞር እኛ ዘንድ ደረሰ፣ ከዚያ ማሲንቆውን ዝም አሰኘና ወደ ባዶው በርጩማ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠ። ትልቅ ሰው ሲያናግሩት እንደሚደረገው እጅ ነስቶ ቀና አለ፣ እኔን እያየ እንዲህ ሲል አዜመ፦

የናትሽ ቤት በሩ፣ በመቀነት ታስሮ፣
ማታ ማታ መዞር፣ ምን ይባላል ኑሮ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን ብርሌዬን መልሼ አስቀመጥኩ። የእናቴ ቤት ቁልፍ ስለጠፋ ካሳው በሩን በእናቴ መቀነት ነው ያሰረው፣ ላሊበላ ውስጥ ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን። ካሳው ነው የላከው ብዬ አሰብኩ፣ ሊያሳፍረኝ፣ አስፈራርቶ ሊወስደኝ። ንዴቱ ፍርሃቴን በላው። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ "ተቀበል" አልኩ፦

በሩን ያሰረ ሰው፣ መጥቶ ራሱ ይፍታ፣
እኔ እሠራለሁ፣ ቀንም ሆነ ማታ።

አዝማሪው ተቀብሎ ሲያዜመው ሰላም እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች፣ በር ላይ ያሾፉት ልጆች ሳይቀሩ "ድገመው" አሉ። እሱ ግን ሲጨርስ እንደገና ወደ በርጩማው ጎንበስ አለ፣ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"ዝም አሉ" አለኝ።

"ማን?"

"አጠገብሽ ያሉት እናት ናቸዋ።"

ካሳው የሚባል ሰው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት፣ በላስታ ታቦት ሁሉ ምሎ አላውቅም አለ። ሰላምን አልጋዋ ድረስ በደህና መለስኳት። ካሳውም ቃሉን አከበረ፣ በጠዋት ብቻውን ተሳፈረ፣ ስለ መቀነቱ ስጠይቀው "ለማን ብዬ ነው የማወራው?" አለ፣ አይዋሽም።

ከሰዓት በኋላ ደወለ።

"ማንን ላክሽ?"

"ወዴት?"

"በሩ ተከፍቷል። መቀነቱ ደጃፉ ላይ ነው።"

"ሰው በጥሶት ይሆናል።"

"አልተበጠሰም።" ትንፋሹ ይሰማኛል። "ተፈትቶ ተጠቅልሏል። እማማ ማታ ስትፈታው እንደምትጠቀልለው። ነይ፣ አብረን እንግባ" አለኝ፣ ድምፁ የታላቅ ወንድም ድምፅ አልነበረም።

"አልመጣም" አልኩት።

አልሄድኩም። እናቴ ትሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን፣ ተቆጥታ ይሁን፣ ፈቅዳልኝ ይሁን አላውቅም፣ ይኸው እስከ ዛሬ እንግዳ አዞራለሁ። አሁን ጠጅ ቤት ስገባ አስተናጋጇ ሳትጠይቀኝ ራሴ አንድ ብርሌ ጨምሬ አዝዛለሁ፣ ከባዶው በርጩማ ፊትም አስቀምጣታለሁ፣ መከተል ከፈለገች ትከተለኝ፣ ወደ ኋላ የምመለሰው ግን እኔ አይደለሁም። ስንነሳ ወደ ብርሌዋ አልዞርም። አንድ ማታ ብቻ ረስቼ ዞርኩ፣ ባዶ ነበረች፣ አፏ ላይ እርጥብ የከንፈር ምልክት ነበረባት።