ዶክተር በሰው አገር ቋንቋ

«ኩባ ሄደሽ ዶክተር ብትሆኚ እንኳ፣ በነሱ ቋንቋ ተምረሽ እኔን በምን ልታናግሪኝ ነው?»

አይናዲስ የእናቷን የታንጉን ጥያቄ ሰምታ፣ ጀሪካን አንጠልጥላ ተነሣች። አባቷ፣ እንዳለው የሚባል የትራክተር ሹፌር ነበር፤ ምሥራቅ ጦር ግንባር እንደዘመተ ቀረ። አሁን መንግሥት የወደቁ ዘማቾችን ልጆች ኩባ ልኮ ሊያስተምር ነው። ከመተማ የእሷም ስም መውጣቱን ጠዋት የነገሯት መምህር ባዘዘው ናቸው።

«ከጎበዝሽ እስከ ሕክምና ያደርሱሻል» አሏት። «ግን ሳይጨርሱ መመለስ የለም፤ ብዙ ዓመት ነው። አስቢበትና ነገ ንገሪኝ።»

ዶክተር የመሆን ሐሳብ የያዛት፣ የጓደኛዋን የሐዋን እናት ወባ በገደላት ክረምት ነው። ያኔ የዋልካው ጭቃ መኪና አላሳልፍ ብሎ፣ ሐኪም ያለበት ጎንደር ሳያደርሷት ቀሩ።

ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሐዋን ወንዝ ዳር አገኘቻትና ሁሉንም ነገረቻት።

«ቋንቋውን ነው የፈራሽው?» ሐዋ ሳቀች። «እኔስ ከሱዳን ስመጣ አንዲት አማርኛ አውቅ ነበር? ‹ውሃ በላሁ› ስል አባትሽ ከትራክተሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ይስቅ ነበር እኮ!»

አይናዲስም ሳቀች። ያኔ የሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ነበር። ሁለቱ ነዶ ሥር ተቀምጠው፣ እሷ «ጠጣሁ በይ» ስትላት ሐዋ «ተታሁ» እያለች ስታስቸግር፣ አባቷ ሞተሩን አጥፍቶ ያዳምጣቸው ነበር። ሳቁ አሁንም ጆሮዋ ላይ አለ።

«ዐረብኛውስ ጠፋብሽ?» አለቻት።

ሐዋ የጀሪካኗን ክዳን ጠመዘዘች። «ወላሂ፣ ከአባቴ ጋር አወራበታለሁ። እናቴ ትለኝ የነበረውን እሹሩሩ ግን ረስቼዋለሁ። ግማሹ የለም።» ጀሪካኗን አነሣች። «የሚጠፋ ነገር የለም አልልሽም። ግን ያኔ እዚህ ሐኪም ቢኖር፣ እናቴ ራሷ ታስታውሰኝ ነበር።»

ውሃቸውን ተሸክመው ወደ ሰፈር ወጡ።

ታንጉ ደጃፍ ተቀምጣ ሰሊጥ ታበጥራለች። አይናዲስ ጀሪካኗን አስቀምጣ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እማዬ፣ እሄዳለሁ።»

ታንጉ ሰፌዱን አላቆመችም። «አገሩ ይበርድ ይሆን?» አለች።

«እኔ እንጃ።»

እናቷ ተነሥታ ገባች። ከሳጥን የእንዳለውን ጋቢ አወጣችና፣ አሁን የመጣውን ውሃ ሳፋ ላይ ገልብጣ ልታጥበው ዘፈዘፈችው።